ሦስት ቀን ሠርቼ አራተኛው ላይ የምተወው የዕረፍት ዮጋ

የሒሳብ ሰው፣ ግንፍሌ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይረዝማልና ታገሡኝ።

ቤት ውስጥ በየቀኑ የዕረፍት ዮጋ የምትሠሩ ሰዎች እንዴት አዘለቃችሁት? እኔ ሦስት ቀን እሠራለሁ። አራተኛው ቀን አንድ ነገር ይመጣል፣ ምንጣፉ ይጠቀለልና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይገባል። ከጥምቀት ወዲህ ይሄ አምስተኛ ሙከራዬ ነው።

39 ዓመቴ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ሰኔ 30 ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ያውቀዋል። አምና ሰኔንና ሐምሌን በቀን አምስት ሰዓት እየተኛሁ ገፋሁት። ሒሳቡ ተዘጋ፤ እንቅልፌ ግን በዚያው ቀረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ቦግ ይላል። ትከሻዬ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጂም ውስጥ ዮጋ ተመዘገብኩ። ስሙን ተዉት። አስተማሪው ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን በሁለተኛው ሳምንት በጭንቅላታችሁ ቁሙ አለን። እኔ የፈለግኩት በጀርባዬ መተኛት ነበር። የሦስት ወር ከፍዬ አምስት ቀን ሄድኩ።

ከዚያ ዮጋ ኒድራ የሚባለውን አገኘሁ። ኒድራ በሳንስክሪት እንቅልፍ ማለት ነው። በጀርባ ትተኛላችሁ፣ አንድ ድምፅ ከጣት እስከ ጣት ሰውነታችሁን እየጠራ ይወስዳችኋል። ሰውነት ይተኛል፣ ጆሮ ግን ነቅቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያ ቀን ስሠራው መንጋጋዬ ሲላላ ተሰማኝ። ለካ ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው።

ችግሩ ምንድን ነው? ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው የምጀምረው። እኛ ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር አያልቅም። ገና ጋደም ስል ከላይ ያሉት ቡና ይወቅጣሉ። አዎ፣ ማታ በሦስት ሰዓት። ቅዳሜ ቀን ስሞክር ቆራሌው በመስኮት ሥር እየጮኸ ያልፋል። የምሰማው ቅጂ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ሰውዬው ስለ ዳሌ ሲያወራ እኔ ዳሌ ነው ወይስ ጭን እያልኩ እተረጉማለሁ፤ እስክጨርስ እሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ደርሷል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ይባስ። እናቴ በሩን ከፍታ ገባች። ወለል ላይ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜያለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ዮጋ ነው እማዬ። ሻቫሳና ይባላል።»

«ምን ማለት ነው?»

ሳላስብ «የሬሳ አተኛኘት» አልኳት። እውነትም ትርጉሙ እሱ ነው። ግን ለእናት እንዲህ ይባላል?

«በስመ አብ! በቁምሽ ሬሳ ትሆኛለሽ? በገዛ ቤትሽ? ተነሽ!»

ተነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ክፍሌን ጠበል ትረጫለች። አራተኛው ቀን ያ ነበር። እስቲ ምከሩኝ።

ቆፍጣናው፣ ለገሃር

እህቴ፣ መተኛትን ነው እንዴ ዮጋ ብለው የሸጡልሽ? አያቴ ከምሳ በኋላ መደብ ላይ ጋደም ትል ነበር፣ ማንም ሰርተፍኬት አልሰጣትም። ከላይ ያሉት በሦስት ሰዓት ቡና ይወቅጣሉ ብለሻል። አንቺ ራስሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጠጪው? መጀመሪያ እሱን ንገሪን።

ወለል ላይ፣ ካዛንቺስ

ቆፍጣናው ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ቡናው ላይ ልክ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። 26 ዓመት የእግር መኪና ላይ አጎንብሼ ወገቤ እንቢ ካለ በኋላ ነው ወደዚህ የመጣሁት። አራት ዓመት ሆነኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም የዘለቅኩት፤ ብልሃቷ እዚህ ግባ የማትባል ናት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ እዘጋለሁ። ቤት ገብቼ እግሬን እታጠባለሁ፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላደርግ አላድርም። ታጥቤ እስኪደርቅ እጋደማለሁ። በቃ። ዮጋ ልሥራ ብዬ አላውቅም፤ እግሬ እስኪደርቅ ልጋደም ነው የምለው። ዮጋ ልሥራ ብል ሰነፍ ነኝ፣ አልሠራም።

አንቺ የጀመርሽው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እሱ ሰዓት ለማንም አይመጣም። በየቀኑ ሳይታሰብ የሚሆን አንድ ነገር ፈልጊና እሱ ላይ ስፊው።

አራተኛው ቀን ሲመጣ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አትሥሪ። አምስት ሥሪ። እግርሽን አልጋው ላይ ጣል አድርገሽ አሥር ጊዜ ተንፍሰሽ ተነሺ። እሱም ይቆጠራል። የኔ ማስታወሻ ላይ «አምስት ደቂቃ» የሚል ብዙ ቀን አለ፤ «ምንም» የሚለው ግን ትንሽ ነው።

አሁን ስለ አተኛኘቱ። አልጋ ላይ አትሥሪው። አልጋ ሰውነትሽ እንቅልፍ ብሎ የሚያውቀው ቦታ ነው፣ ወይ ትተኚያለሽ ወይ እንደ ሌሊቱ ትገላበጫለሽ። ወለል ይሻላል። ሴራሚክ ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ከሥር ስፖንጅ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፊ። መቀመጫሽን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጊና ባቶችሽን ፍራሹ ላይ አጋድሚያቸው፤ ጉልበትሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ይታጠፍ። ከአንገትሽ ሥር ቀጭን የታጠፈ ነጠላ። ከላይ ጋቢ፣ እግርሽ ላይ ካልሲ። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ቶሎ ይበርደዋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ማታዋን ታውቂያታለሽ። አሥር ደቂቃ እንዲህ ቆይ።

ከዚያ እግርሽን አውርጂና ጋቢውን ጠቅልለሽ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊው። ወገብሽ መሬት ሲነካ ይሰማሻል። ካልነካ ጥቅሉን ወፈር አድርጊ። የዚህ ዓይነቱ ዮጋ ሕጉ አንድ ነው፦ የሚጎትትሽ፣ የሚወጥርሽ ነገር ካለ ድጋፍ ጨምሪ። ሕንድ አገር ፑኔ ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት አየንጋር ናቸው ይህን በወንበር፣ በብርድ ልብስና በገመድ መደገፍን ያስፋፉት። ልጅ ሆነው በሽተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያርፉ 95 ዓመታቸው ነበር። እንደ ልብስ ሰፊ ሳየው ያው የኛው ሥራ ነው፤ ልብሱን ለሰውዬው ትለኪያለሽ እንጂ ሰውዬውን ለልብሱ አትጎትቺም።

ጩኸቱን በተመለከተ። ከኛ ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራል፣ ሌሊት ኮንክሪት የሚሞሉበት ቀን አለ። መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅሁ። አሁን ከሱ ነው የምጀምረው። ኒድራ ውስጥ ከሩቅ ወደ ቅርብ ድምፅ መስማት የሚባል ነገር አለ፤ በሩቅ ያለውን ትሰሚያለሽ፣ ስም ሳትሰጪው ትለቂዋለሽ፣ ቀረብ ወዳለው ትመጪያለሽ፣ በመጨረሻ የራስሽን ትንፋሽ ታገኛለሽ። ከላይ ያሉት ሲወቅጡ ዘነዘናውን ስሚው። ምቱ እኩል ነው። እኔ ብሆን ወርሃዊ እከፍላቸው ነበር።

እንግሊዝኛውን ጣይው። ማንም ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ጉልበቱን አያሳርፍም። የእህቴ ልጅ በስልኳ በአማርኛ ቀዳችልኝ፣ 15 ደቂቃ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሕንዷ ቢሃር ውስጥ ትምህርት ቤት የከፈቱት ስዋሚ ሳትያናንዳ ናቸው ያቀናበሩት፤ ከቀኝ እጅ አውራ ጣት ይጀምራል። ጽፈሽ ለሰው ስጪ፦ ቀኝ እጅ። አውራ ጣት። ሌባ ጣት። የመሀል ጣት። የቀለበት ጣት። ትንሿ ጣት። መዳፍ። አይበሉባ። አንጓ። ክንድ። ክርን። ትከሻ። ብብት። ጎን። ዳሌ። እንዲህ እያለ እስከ እግር ጣት፣ ከዚያ ግራ። መጀመሪያ ሰሞን «ሌባ ጣት» ስትል ሳቄ ይመጣ ነበር። ሳቂ፣ ምንም አይደለም፤ ሳቅም ሆድ ያላላል።

አካሉ ሲያልቅ ትንፋሽ ከ27 ወደ ታች መቁጠር አለ። ከጠፋብሽ እንደገና ከ27። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ላይ የደረስኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።

አንድ የመጨረሻ። ዓይን ላይ የሚደረግ ትራስ ፈረንጆቹ በተልባ ነው የሚሞሉት። በተልባ! እኛ አገር ሞልቶ! 200 ግራም ያህል ተልባ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ጨምሪና አፉን ስፊው። ያዝ ብታደርጊው ይንሸራተታል፣ የዓይንሽን ቅርጽ ይይዛል፣ ቀዝቀዝ ይላል። ከቀመስሽው አትተይውም።

ቡናውን ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ አቁሚ።

የሰንበት ተማሪ፣ ፒያሳ

ይቅርታ፣ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። ግን እናትዎ ዝም ብለው አልደነገጡም። ዮጋ ስፖርት ብቻ አይደለም፣ ሥሩ የሂንዱ እምነት ነው። አንዳንዱ ቅጂ ውስጥ የሚደጋገሙት የሳንስክሪት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ሳያውቁ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኛስ ቤት ማረፊያ ጠፍቶ ነው?

ሲስተር ነኝ፣ አራት ኪሎ

ነርስ ነኝ። የሰንበት ተማሪ ያነሣው ነገር ሐኪም ቤትም ይጠየቃል፣ ስለዚህ በቀጥታ ልመልስ። ሥሩ እዚያ መሆኑ እውነት ነው፤ ዮጋ ከሂንዱ ምድር መምጣቱን መካድ አያስፈልግም። ልቧ የከበዳት ሰው ግን ያለ ዮጋም ማረፍ ትችላለች። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ዘዴ አለ። ማንትራ፣ ማለትም የሚደጋገም የጸሎት ቃል፣ የለውም፤ ጡንቻ ብቻ ነው። ቀኝ ጡጫሽን ጨብጪ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ያዢ፣ ባንዴ ልቀቂ። ልዩነቱን ለግማሽ ደቂቃ አስተውይ። ከዚያ ክንድ፣ ትከሻ፣ ግንባር፣ መንጋጋ፣ ሆድ፣ ጭን፣ እግር። ባትሽን ብቻ በኃይል አታጥብቂ፣ ይሸማቀቅብሻል።

ትንፋሹ ለምን እንደሚሠራም ልንገራችሁ። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ቀስ ትላለች። ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው ይህን የሚያደርገው። ስለዚህ ማስወጫውን ማርዘም ነው፤ እስከ አራት ቆጥረሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ካፈነሽ ቁጥሩን ተይው፣ ትግል አይደለም።

አሁን የማያስደስተው ክፍል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ እርግዝናው ከገፋ በጀርባ ረጅም ሰዓት አትጋደሙ፤ በግራ ጎን ሆናችሁ በጉልበታችሁ መሀል ትራስ አድርጉ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ያለባችሁ ዓይናችሁ ላይ ክብደት አታድርጉ፣ ተልባም ቢሆን። እግር ወደ ላይ የሚሰቀልበትንም፣ ግላኮማ ወይም ያልተረጋጋ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው። ቃር የሚያስቸግራችሁ በልታችሁ ወዲያው አትጋደሙ። ዓይን ሲጨፈን ክፉ ነገር የሚመጣበት ሰውም አለ። ይህቺ አገር ብዙ አይታለች። ዓይናችሁን ከፍታችሁ ጣሪያውን እያያችሁ መሥራት ይቻላል፤ ከበዳችሁ ደግሞ ተነሡ።

ለጠያቂዋ፦ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሐኪም ማየት አለበት። አንቺ ከአምና ሰኔ ጀምሮ ነው የምትይው። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን አይደለም፣ የእንቅልፍ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው። ለእንቅልፍ ሐኪም አየሁ ማለት አበድኩ ማለት አይደለም። አማኑኤልም ቢሆን እኮ ሐኪም ቤት ነው።

ቡና? ካፌይን፣ ቡናው ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር፣ ከጠጣሽው በአምስት ሰዓት ውስጥ ገና በግማሽ ነው የሚቀንሰው። የአንድ ሰዓቱ ቡና እኩሌታ ስድስት ሰዓት ላይ አብሮሽ ተኝቷል ማለት ነው። መተኛት ከተባለ።

የሒሳብ ሰው፣ ግንፍሌ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሼ ልጻፍ ብዬ ነበር፣ ይኸው።

በ21 ቀን ውስጥ አራት ቀን አምልጦኛል። ከቀሪው 17 ውስጥ ስድስቱ የአምስት ደቂቃ ናቸው። ልብስ ሰፊው እንዳለው ቆጥሬያቸዋለሁ። የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ሠንጠረዥ አለው።

የምሰፋበት ነገር ሳስብ ሰነበትኩ። እግር መታጠቡ አልሆነልኝም፣ የኛ ሕንፃ ውኃ በፈረቃ ነው። ያገኘሁት ሽሮ ነው። እናቴ እኔ ከሥራ ስገባ ሽሮ ትጥዳለች። ሽሮ እስኪበስል ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እሷ ስታማስል እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። ሽሮው ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚባለው ድምፅ ለኔ እሱ ሆኗል። «ቀረበ!» ስትል እነሣለሁ። ስልኬ ላይ ማንቂያ መሙላት ቀረ።

ሬሳ የሚለውን ቃል ከቤታችን አስወጥቼዋለሁ። «ወገቤን ላሳርፍ ነው» ነው የምላት። የንስሐ አባቴንም ጠየቅኳቸው። ማንትራ አለው ወይ አሉኝ፤ የለውም፣ ጣቴን ነው የምቆጥረው አልኳቸው። ሳቁና ከዚያ ስትነሺ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ አሉኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ግንባሬን ትራስ ላይ የማስደግፍበትን ያየች ጊዜ ደግሞ እናቴ ራሷ «ይሄስ ስግደት ይመስላል» አለች። ጠበሉ ከዕለት ወደ እሑድ ብቻ ዝቅ ብሏል።

ቅጂውን የሠራችው ልጄ ናት። ወረቀቱን ይዛ ክፍል ውስጥ እንደምታነብ ቆማ አነበበችው። ትሮጣለች። ከአውራ ጣት ትከሻ በአንድ ትንፋሽ። ሌባ ጣት ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «እማዬ፣ ምን ሰርቆ ነው?» ስትል ተቀድቷል። ሌላ ቅጂ ሠራን፣ ቀስ ያለ፣ ጥሩ። ግን የምሰማው የመጀመሪያውን ነው። እዚያ ጥያቄ ላይ ስደርስ ትከሻዬ ራሱ ይወርዳል።

ከ27 መቁጠሩ አልተሳካልኝም። 19 ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያላጸዳሁት ቫውቸር ትዝ ይለኛል። ለምን 19 እንደሆነ እንጃ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም እነቃለሁ። ልዩነቱ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አራት ስድስቱን እየተነፈስኩ ተመልሼ እተኛለሁ። በቀሩት ቀናት ጣሪያ አያለሁ። ሲስተር፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ለቆፍጣናው፦ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምጠጣው፣ እስከ በረካ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቻ። ከእናቴ ጋር ከባዱ ጦርነት በሬሳው ሳይሆን በዚህ ነበር።

የተልባው ትራስ ግሩም ነበር። ነበር ያልኩት፣ ጾም ገባና ባለፈው ረቡዕ ስገባ ካልሲው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ተልባውን ቆልታ ወቅጣዋለች። «ንጹሕ ነው አላልሽም እንዴ?» አለችኝ። በጥብጣ በብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁት። ነገ ሌላ 200 ግራም እገዛለሁ፤ እስቲ ይህንኛውን የት ልደብቀው?